ልብ በደረታችን ውስጥ የተቀመጠ አደራ ስለ መኾኑ

ሰውን ከኢምንት ነገር ፈጥሮ መልካም ቅርጽ ለሰጠው፣ በደረቱም ውስጥ ሌት ከቀን የማያንቀላፋ አገልጋይ ላኖረለት ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም የልቦችን ደዌ ሊያክሙ በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ኹሉ ላይ ይኹን።

ከዚህ በኋላ፣ የተከበርህ አንባቢ ሆይ! ነጋዴ ከኾንህ ማታ ሱቅህን ከመዝጋትህ በፊት የዕለቱን ሒሳብ ትመረምራለህ። የገባውንና የወጣውን ትጽፋለህ፤ በዱቤ የሄደውን በየስሙ ትመዘግባለህ፤ ሚዛንህ እንዳይዛባ ትፈትሻለህ፤ የካዝናህንም ቁልፍ ከራስህ አትለይም። አንቺም የቤት እመቤት ከኾንሽ የእህሉንና የዘይቱን መጠን ታውቂያለሽ፤ ከወር እስከ ወር እንዲያደርስ ትቆጥቢያለሽ። ይህ ኹሉ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ይህን የሚቆጥረው እጅ፣ የሚያስበው አእምሮ፣ የሚያየው ዓይን ኹሉ በአንዲት ቁራጭ ሥጋ አገልግሎት የሚኖር መኾኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ያቺ ቁራጭ ሥጋ ልብ ናት። ለሸቀጣችን መዝገብ አለን፤ ለልባችን ግን የለንም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመላው አካል ደኅንነትም ኾነ ብልሽት ከዚህች ከአንዲት ቁራጭ ሥጋ እንደሚመነጭ አስተምረዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ዑለማዎች ይህን ትምህርት ሲያብራሩ በመጀመሪያ የሚያስተውሉት የኒያና የእምነት ማደሪያ የኾነውን ልብ ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ኾኖም ቃሉ የተነገረው በሥጋ ምሳሌ ነውና ሥጋውን ችላ ብለን ትርጉሙን ብቻ ልንይዝ አይገባንም። የሁለቱም ልብ ፈጣሪ አንድ ነው፤ ሁለቱም በእጃችን አደራ ናቸው፤ ስለ ሁለቱም እንጠየቃለን። በዚህ ምክር ስለ ሥጋው ልብ በስፋት እንናገራለን፤ በመጨረሻም ወደ ሌላው ልብ እንመለሳለን።

ስለ ልብ ሥራ

ልብ ሥራውን የሚጀምረው ሰው ከመወለዱ በፊት ነው። ፅንሱ በእናቱ ማሕፀን በአራተኛው ሳምንት ላይ ሳለ ልቡ መምታት ይጀምራል፤ ከዚያም ወዲያ የሞት ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሥራውን አይተውም። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያኽላል፤ በአዋቂ ሰው ክብደቱ ወደ 300 ግራም ይጠጋል። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ሌሊትና ቀን 100,000 ምት ያህል ይኾናል። በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ የቀንና የሌሊቱ ሲደመር ከ7,000 ሊትር ይበልጣል። በኩንታል የምታስብ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ይህ ከ70 ኩንታል የሚበልጥ ጭነት ነው። በየቀኑ 70 ኩንታል እያነሣ፣ ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ የበዓል ቀን ዕረፍት ሳይሻ፣ ስድሳና ሰባ ዓመት የሚያገለግል ተሸካሚ በየትኛው ገበያ ታገኛለህ?

ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ በላይ፣ ሁለቱ በታች ናቸው። በቀኙና በግራው ወገን መካከል ግድግዳ ቆሟል። የቀኙ ወገን ከመላው አካል የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ከምንተነፍሰው አየር ኦክሲጅን የተባለውን ተቀብሎ፣ የማይጠቅመውን አየር ጥሎ፣ ወደ ግራው ወገን ይመለሳል። የግራው ወገን ደግሞ ከራስ ጠጉር ሥር እስከ እግር ጥፍር ያሠራጨዋል። ደምን ከልብ የሚያወጡት ሥሮች ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሱትም ደም መልስ ይባላሉ። በየመተላለፊያው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ አራት በሮች ተበጅተዋል፤ ያለፈው ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሐኪም ማዳመጫውን በደረትህ ላይ ሲያኖር የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው።

ልብ ዕረፍት የለውም እንላለን፤ ነገር ግን ጥበበኛው ፈጣሪ ዕረፍቱን በሥራው መካከል አስገብቶለታል። ልብ አንድ ጊዜ ከተኮማተረ በኋላ ይላላል፤ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ የሚላላበት ጊዜ ከሚኮማተርበት ጊዜ ይረዝማል። ለልብ ጡንቻ ምግቡ በብዛት የሚደርሰውም በዚያች በምትላላው ጊዜ ነው። ሥራውን ሳያቋርጥ የሚሠራው ይህ አገልጋይ እንኳ ካላረፈ አይመገብም። የጁምዓ ጥሪ ሲሰማ ሚዛኑን አስቀምጦ ወደ መስጊድ ለመሄድ የሚከብደው ነጋዴ ይህን ያስተውል። አላህ ለሶላት ንግድን ተዉ ብሎ ሲያዝዝ፣ ሶላቱም ሲፈጸም በምድር ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ ሲፈቅድልን፣ ሥራንና ዕረፍትን በየተራ ያደረገው በልባችን ውስጥም እርሱ ራሱ ነው።

ይህ የደም መንገድ እንዴት እንደ ታወቀ

የጥንት ሐኪሞች ይህን መንገድ በትክክል አላወቁትም ነበር። በሁለተኛው ምእተ ዓመት የነበረው ጋሌን የተባለው የግሪክ ሐኪም፣ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከለኛው ግድግዳ ውስጥ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይህን ተቀብለው ኖሩ። በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ሲናም አልቃኑን በተባለው መጽሐፋቸው በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ከሻም አገር ዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ የተባሉ ሊቅ ተነሡ። ሕክምናን በደማስቆ ተምረው በካይሮ አከሙ፤ የሻፊዒን ፊቅህ ያጠኑና ያስተማሩም ነበሩ። በ640 ዓመተ ሂጅራ (1242 እ.ኤ.አ.) ኢብኑ ሲና ስለ አካል ክፍሎች የጻፉትን ሲያብራሩ፣ በልብ መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም እንደ ኾነ፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ እንደሌለው፣ ስለዚህ በቀኙ ወገን ያለው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ በዚያ ከአየር ጋር ከተዋሐደ በኋላ ብቻ ወደ ግራው ወገን ሊደርስ እንደሚችል ጻፉ። ታላላቆቹን ቀዳሚዎች አልሰደቡም፤ ነገር ግን ስመ ጥር ስለ ኾኑ ብቻ ያልተረጋገጠውን አልተቀበሉላቸውም።

የቀረውን መንገድ ከአራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የእንግሊዝ አገር ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠው። አንተ ነጋዴ የዚህን ሰው ማስረጃ ከማንም ይልቅ ትረዳዋለህ፤ ያሰበው እንደ ሒሳብ ያዥ ነውና። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚያወጣውን ደም ገምቶ በምቱ ብዛት አበዛው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው በመላው አካል ካለው ደም የሚበልጥ ኾኖ አገኘው። እንግዲህ ከምግብ ይህን ያህል አዲስ ደም በየጊዜው ሊፈጠር አይችልም፤ የሚወጣው ያው የገባው ዋና ገንዘብ ነው፤ ዞሮ ይመለሳል አለ። ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኙትን እጅግ ቀጫጭን ሥሮች ግን አላያቸውም ነበር፤ እነርሱን በ1661 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያው ሊቅ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ በማጉያ መነጽር ተመለከተ። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ግን ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆይቶ በ1924 እ.ኤ.አ. ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን አገር በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አገኘውና ለዓለም አስታወቀው።

አንባቢ ሆይ! ከዚህ ታሪክ ኩራትን ብቻ ይዘህ አትሂድ። ከአባቶቻችን አንዱ የልብን መንገድ ቀድሞ ዐወቀ እያልን በየጉባኤው ብንናገር፣ የራሳችንን የደም ግፊት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳንለካ ብንሞት ምን ይጠቅመናል? የሊቅ ልጅነት በመጽሐፍ ስም አይረጋገጥም፤ መጽሐፉ በተጻፈበት ትጋት እንጂ።

ታማኝ ገንዘብ ያዥ

ኢብኑ ነፊስ ስለ ልብ የተናገሩት ሌላም ነገር አለ። ልብ የሚመገበው በክፍሎቹ ውስጥ ከሞላው ደም ነው የሚለውን አሳብ አልተቀበሉም፤ ልብ የሚመገበው በራሱ ሥጋ ውስጥ በተሠራጩት ሥሮች ከሚመጣለት ደም ነው አሉ። የዛሬው ሕክምና ይህን አጽንቶታል። በልብ ውስጥ በየደቂቃው 5 ሊትር ደም ያልፋል፤ ልብ ግን ከሚያልፈው ላይ እንዳሻው አይጠጣም። ደሙን ኹሉ ወደ ውጭ ከላከ በኋላ፣ ከትልቁ ደም ቅዳ መነሻ ላይ በሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ሥሮች በኩል ድርሻውን ይቀበላል። ድርሻውም በዕረፍት ጊዜ ከሃያ አንድ እጅ ያህል ነው፤ አሥራ ዘጠኙ እጅ ለሌላው አካል ይሄዳል።

ይህን ካየህ በኋላ በካዝናህ ፊት ቁመህ አስብ። ገንዘብ በእጅህ ያልፋል፤ ከእርሱ ውስጥ የሠራተኛህ ደመወዝ፣ የአበዳሪህ መብት፣ የሸሪክህ ድርሻ፣ የወላጅ አልባው አደራ፣ የድኻው ዘካ አለበት። በእጅህ ስላለፈ ብቻ ኹሉ ያንተ አይደለም። ልብ የሚያልፍበትን ደም ኹሉ ለራሱ ላስቀር ቢል፣ አካሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ እርሱም አብሮ ይሞታል። ደምም በአንድ ስፍራ ቢቆም ይረጋል፤ የረጋውም ደም መንገዱን ይዘጋል። አላህ ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ የሚዘዋወር እንዳይኾን ሲደነግግ፣ የዚህን ሥርዓት ምሳሌ አስቀድሞ በደረታችን ውስጥ አኑሮልናል።

ልብ የሚታመምበት ምክንያት

ልብን የሚመግቡት እነዚያ ቀጫጭን ሥሮች በጊዜ ብዛት ይጠብባሉ። በውስጥ ግድግዳቸው ላይ ኮሌስትሮል የተባለው ስብ ቀስ በቀስ ይለጠፋል፤ ባለቤቱም ለብዙ ዓመታት ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን የተለጠፈው ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ ምግብ አጥቶ መሞት ይጀምራል። ይኸው ነገር በአንጎል ሥር ላይ ሲደርስ ወይም የአንጎል ሥር ሲፈነዳ ስትሮክ የተባለው በሽታ ይኾናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሞቱት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሥሮቹን ከሚጎዱት ነገሮች ዋናው የደም ግፊት ነው። ደም በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ሲያልፍ ሥሩን ያደነድነዋል፤ ልብንም ያደክመዋል፤ ኩላሊትንና ዓይንንም ይጎዳል። ሐኪም ሲለካህ ሁለት ቁጥር ይነግርሃል፤ የላይኛው ልብ ሲኮማተር፣ የታችኛው ሲላላ ያለው ግፊት ነው። 120 በ80 የተለመደ ልክ ነው፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከኾነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ራስን አያሳምምም፤ ከሥራም አያውልም። በ2021 እ.ኤ.አ. በተሰጠው መግለጫ መሠረት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከኾናቸው ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት ያለባቸው ሲኾኑ፣ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ሌባ መጋዘንህን በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ቢቦረቡር፣ አንተም አንድም ቀን ገብተህ ሳትቆጥር ብትቀር፣ ባዶ የኾነበትን ቀን ድንገተኛ ትለዋለህን?

አላህን መመካት መድኃኒትን መተው አይደለም

አንዳንድ ሰው፣ አጀሌ በአላህ እጅ ነው፤ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ይላል። አጀል በአላህ እጅ መኾኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ሱቁን ሲዘጋ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ለአውራ ጎዳና ጉዞ የመኪናውን ፍሬን ያስመረምራል፤ ለዱቤውም ምስክር ያቆማል። በገንዘቡ ላይ ምክንያትን ፈልጎ በነፍሱ ላይ ምክንያትን የሚተው ሰው፣ ስንፍናውን በእምነት ስም የሸፈነ ነው። ግመሉን ሳያስር ለመመካት የፈለገውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር አዘውታል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም በሻም አገር ወረርሽኝ መግባቱን በመንገድ ላይ ሰምተው ሕዝቡን በመለሱ ጊዜ፣ ከአላህ ውሳኔ ሸሹ ላላቸው፣ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው መኾኑን አስረድተዋል።

ስለ ልብ በተለይ የተዘገበም አለ። አቡ ዳውድ እንደ ዘገቡት ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው መጡ፤ እጃቸውንም በደረታቸው ላይ አኖሩ፤ ሕመሙም የልብ መኾኑን ነገሯቸው። ከዚያም ሕክምና ወደሚያውቀው ወደ ሰቂፉ ሰው ወደ ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ አመለከቷቸው። አስተውል! የተባረከው እጅ በደረቱ ላይ ያረፈለት ሰሓባ ወደ ሐኪም ተላከ። ታዲያ አንተና እኔ ከሐኪም ደጅ የምንቀርበት ምን ማመካኛ አለን?

ልብን ስለ መጠበቅ የሚገባን ተግባር

አንደኛ፣ የደም ግፊትህን ተለካ። መለካቱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ቁጥሩንና ቀኑን እንደ ሒሳብህ በደብተር ጻፈው። ዕድሜህ ከአርባ ያለፈ ከኾነ፣ ወይም ወላጆችህ ግፊት፣ የስኳር በሽታ ወይም የልብ ሕመም የነበረባቸው ከኾነ፣ የስኳርህንና የኮሌስትሮልህን መጠንም አስመርምር።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ተሽሎኛል ብለህ አታቋርጥ። የተሻለህ መድኃኒቱን ስለ ወሰድህ ነው። የጎረቤትህንም ኪኒን ለራስህ አታድርግ። መድኃኒቱ የማይስማማህ ከኾነ ለሐኪሙ ንገረው፤ እርሱ ይለውጥልሃል።

ሦስተኛ፣ በምግብ ልክ ይኑርህ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሚበላ ሰው ከሆዱ ሦስተኛውን ለምግብ፣ ሦስተኛውን ለመጠጥ፣ ሦስተኛውን ለትንፋሽ እንዲተው መክረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ በወጡ ላይ ጨውን ቀንሱ፤ ቅቤውንም መጥኑ፤ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን አብዙ። በረመዳን ማታ ቀኑን ሙሉ የጾመውን ሆድ በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በስኳር ማስጨነቅ የጾምን ጥቅም ያጠፋል።

አራተኛ፣ ትምባሆን ፈጽመህ ተው። ሲጃራም ኾነ ሺሻ የደም ሥርን ግድግዳ ያቆስላል፤ ደምንም ለመርጋት ያዘጋጀዋል። የአባት ጭስ ለሚስቱና ለልጆቹ ሳንባም ይደርሳል። ስለ ጫትም በየመንና በሐበሻ አገር ዑለማዎች ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ ወደ ክርክሩ እዚህ አልገባም። ነገር ግን ቅጠሉ የልብን ምት እንደሚያፈጥንና ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ ልቡ የታመመ ወይም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ሰምቶ በራሱ ላይ ይፍረድ።

አምስተኛ፣ እግርህን ሥራ አስይዘው። ነጋዴ ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ ይውላል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብ ይጠቅማል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ወደ መስጊድ በእግር የሚሄድ ሰው በእርምጃው ምንዳ እንዳለው ተምረናል፤ መስጊዱ ከቤትህ ራቅ ያለ ከኾነ እንግዲህ መንገዱን በሁለት ጥቅም ተመልከተው።

ስድስተኛ፣ የአደጋውን ምልክት ዕወቅ። ደረትን እንደ ሸክም የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ እነዚህ የልብ ሕመም ምልክቶች ሊኾኑ ይችላሉ። በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረቱ ሕመም ላይበረታ ይችላል። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍም የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሱቁን ልዝጋና እሄዳለሁ አትበል። በየደቂቃው የሚሞተው የልብህ ወይም የአንጎልህ ሥጋ ነው፤ ሱቁ ሌላ ጊዜ ይዘጋል። ፈጥነህ ወደ ሆስፒታል ሂድ፤ ብቻህንም መኪና አትንዳ።

ሰባተኛ፣ ልብህ ታሞ ሳለ ረመዳን ከመድረሱ በፊት ሐኪምህን አማክር። ብዙዎች መድኃኒታቸውን በሱሑርና በአፍጡር ሰዓት እንዲያደርጉት ተስተካክሎላቸው ይጾማሉ። ሐኪሙ ጾም ይጎዳሃል ቢልህ ግን ለበሽተኛ የተሰጠውን ፈቃድ ተቀበል። አላህ በቸርነቱ የሰጠውን ፈቃድ መናቅ ትጋት አይደለም።

ለእናቶች የተለየ ቃል

እናት ሆይ! ይህን ክፍል ደግመሽ አንብቢው፤ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በሽታ የሚጀምረው ከሕፃን ጉሮሮ ነውና። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን በተለየ ተሕዋስ ሲታመምና ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነቱ ተሕዋሱን ለመዋጋት ያነሣው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን በሮች ያጠቃል። መገጣጠሚያው ያብጥና ያልፋል፤ የልቡ በር ግን ተጎድቶ ይቀራል። ልጁ ካደገ በኋላ በትንሽ ሥራ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልጅቱም አግብታ በፀነሰች ጊዜ ልቧ የሁለቱን ሸክም መሸከም ያቅተዋል።

ይህን ኹሉ ጉዳት በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ልጅሽ ትኩሳት ኖሮት ጉሮሮው ሲያብጥና ምራቅ መዋጥ ሲቸግረው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እንጥሉን ማስቆረጥ በሽታውን አይፈውሰውም፤ ደም መፍሰስንና ቁስል መመረዝን ያመጣበታል እንጂ። አንድ ጊዜ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ እንዲወጋ ከታዘዘለትም፣ ለብዙ ዓመት ቢኾን እንኳ ቀኑን አታሳልፊ። አባትም የመርፌውን ዋጋ ሲያስብ፣ ለልጁ የሚያወርሰው ሱቅ ያለ ጤናማ ልብ ምን እንደሚያደርግለት ያስብ።

ስለ ሌላው ልብ

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ሰው የሥጋ ልቡን ቢጠብቅ፣ ጨውን ቢቀንስ፣ በየቀኑ ቢራመድ፣ ቁጥሩም ኹሉ የተስተካከለ ቢኾን፣ ያ ልብ ግን ቂም፣ ምቀኝነትና ማታለል የሞላበት ከኾነ፣ ጠንካራ ግንብ ሠርቶ በውስጡ የተበላሸ እህል ያከማቸ ነጋዴን ይመስላል። በትንሣኤ ቀን ገንዘብም ልጆችም አይጠቅሙም፤ የሚጠቅመው ንጹሕ ልብ ይዞ መቅረብ ነው። ሐኪም በመሣሪያው የማያየው ይህ ልብ ነው፤ እርሱን መርምሮ የሚያውቅ ፈጣሪው ብቻ ነው።

እንደዚሁም የልብ ምት የተቆጠረ መኾኑን አትርሳ። ጤናማ የኾነውም የታመመውም ሰው የመጨረሻው ምት አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ በአጠገቡ ሳይኖር ሁለት ሌሊት እንዳያድር አስተምረዋል። አንተ ግን ስንት ዕዳ በልብህ ብቻ ይዘህ ታድራለህ? ያለ ደብዳቤ የተቀበልኸው አደራ፣ ያለ ምስክር የተበደርኸው ገንዘብ፣ ከሸሪክህ ጋር በቃል የተነጋገርኸው ድርሻ አለ። ልብህ ዛሬ ሌሊት ቢቆም ሚስትህና ልጆችህ ይህን ከማን ይጠይቃሉ? አበዳሪህስ መብቱን በምን ያስረዳል? ብዙ ቤተ ሰብ የተጣላው በሟቹ ክፋት አይደለም፤ ነገ እጽፈዋለሁ ባለው ነገር ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ! በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርግ። አንድ ቀን ወደ ሐኪም ሂደህ የደም ግፊትህን ተለካ። አንድ ሌሊትም ከቤተ ሰብህ ጋር ተቀምጠህ ያለብህንና ያለህን ጻፍ፤ ሁለት ታማኝ ሰዎች አስመስክር። የመጀመሪያው ለሥጋው ልብ ነው፤ ሁለተኛው ለሌላው ልብ ዕረፍት ነው። ኢብኑ ነፊስ በ687 ዓመተ ሂጅራ (1288 እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ ሲሄዱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን በካይሮ ላለው ለመንሱሪ ሆስፒታል በኑዛዜ ትተው ነበር። የደምን መንገድ ያስተማሩት ሊቅ የራሳቸውንም ገንዘብ በእጃቸው እንዲረጋ አልተዉትም።

አላህ ሆይ! በደረታችን ያኖርኸውን አደራ ጠብቀን እንድንመልስልህ አግዘን። የታመሙትን ልቦች ፈውስ፤ የደነደኑትን አለስልስ። የሐኪሞቻችንን እጅ ባርክ፤ ሕፃናቶቻችንን ከጉሮሮና ከልብ ደዌ ሰውር። ዕዳችንን ሳንከፍል፣ የበደልነውንም ይቅርታ ሳንጠይቅ የመጨረሻዋን ምት አታምጣብን። ሐላል ገንዘብ በእጃችን እንዲያልፍና ለባለመብቱ እንዲደርስ አድርግ። ንጹሕ ልብ ይዘው ወደ አንተ ከሚቀርቡት አድርገን። አሚን።